ያልተነበበለት ምስክር

ሰበታ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው የሺወርቅ ናት፤ ቃሉ የኔ የሐምዱ ነው። እጇን ታውቀዋለህ። ሱቃችን ከተከፈተ ጀምሮ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ያየኸው እጅ ነው።

ለእህቴ ልጅ ለሸምሰዲን፤ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ብርዱን ያቅልልህ፤ የምትበላውን ሐላል ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱን ለጉልበቴ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ ታትሞ ነበር የሚደርስህ። ዛሬ በእጅ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። አሮጊቷ ማተሚያ ማሽን ቆማለች። አልተበላሸችም፤ ቆማለች። ልዩነቱን አንተ ታውቃለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሞተ። የሺወርቅ ሌላ አስገዝታ ያንኑ አንተ የሰጠኸንን ነጻውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሊኑክስን፣ አዲስ የወጣውን አውርዳ ጫነች። ሁሉም መጣ። ፊደሉ መጣ፤ መልኩም ከድሮው ያምራል አለችኝ። ፕሪንት ስትል ግን ማሽኗ የለችም። ገመዷ ተሰክቷል፣ መብራቷ አረንጓዴ ነው፣ እጄን ስጭንባት ትሞቃለች፤ ኮምፒውተሩ ግን አላውቃትም ይላል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ወረቀት ተሸክሜ ማሽን በድምፁ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል አላውቅም፤ ማሽን አውቃለሁ። ጤነኛ ናት።

ቡራዩ ያለችው ልጄ ጀዋሂር አዲሱን ብትጭነው የሷም ቆመች። ሦስተኛዋ ሱሉልታ ጓደኛዬ ባጫ ጋ ናት። እሱ ኢንተርኔት ሌባ ነው ብሎ ኮምፒውተሩን አገናኝቶ ስለማያውቅ የድሮው እንዳለ አለ፤ ማሽኑም ትሠራለች። እየደወለ ይስቅብኛል።

እነዚህን ሦስት እህትማማች ማሽኖች በጨረታ አውጥቼ ለሦስት ከተማ ሳካፍል «አሮጌ ናት፣ ማን ያሠራታል?» ሲሉኝ «የእህቴ ልጅ» ብያለሁ። ከገመዱ ጋር የተሰካው ቃሌ ነው። አሁን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚያጽፈው ሰው እኛን አልፎ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል። የትኛውን እንደምንጭን ጻፍልኝ።

የሺወርቅ አንብባልኛለች፤ ልክ ነው። አውራ ጣቴ ከታች አለ። ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች፤ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቀመጣል።


ኑርንበርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉልበትዎን ሐኪም አይቶታል?

ስለ ማሽኗ፦ አጎቴ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ዛሬ የሚሠሩት ፕሪንተሮች ድራይቨር የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም፤ ይሰካሉ፣ ያትማሉ። አሮጊቷ ድርሻዋን ተወጥታለች። ከሚመጣ ሰው ጋር አዲስ ልላክልዎ። ቀለሟን ብቻ ይንገሩኝ፤ ነጭም ጥቁርም አለ።

ለየሺወርቅ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሸምሰዲን


ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያው እጅ፣ ያው ቃል።

ለሸምሰዲን፤ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ ይጠብቅህ።

ደብዳቤዬን ያየኸው በላክነው ዕለት ነው። ቴሌግራሙ ላይ አንብቦታል የሚለው ሁለት ጭረት ይታያል አለችኝ የሺወርቅ። ለመመለስ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀብህ። እሱን ትቼዋለሁ።

ስለ ቀለም ጠየቅከኝ። ሙሽራ አይደለሁም። አዲሶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ማዶ ያለው ሱቅ አንዷን ገዝቷል። ቶነሯ፣ የቀለም ዱቄቷ፣ ሲያልቅ ራስህ ብትሞላት ውስጧ ያለው ቺፕ ያውቅና አልሠራም ትላለች። የኔዋን ግን ሆዷን ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ ዱቄቷን በማንኪያ ሞልቼ፣ ጎማዋን በአልኮል አጥቤ አሳድራታለሁ። ሦስት ጊዜ ታስልና ታወጣለች። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ እጄ ላይ ሲወድቅ ጽሑፉ ጎደለ አልጎደለ በጣቴ አውቃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስህ። በ2011 ለእረፍት መጥተህ አሥራ አንድ ቀን እዚህ ሱቅ ተቀመጥክ። ምሳህን ማሽኗ ላይ አስደግፈህ እየበላህ እንዲህ አልከኝ፦ «አጎቴ፣ አዲሶቹ ማሽኖች ከኮምፒውተር ጋር አንድ ቋንቋ አላቸው፤ ለዚህ ነው ድራይቨር የማይሹት። አሮጊቷ የራሷን ቋንቋ ብቻ ነው የምታውቀው። እኔ መሃል የሚቆም አስተርጓሚ እሠራላታለሁ፤ ኮምፒውተሩ አዲስ ማሽን ያናገረ ይመስለዋል።» ወዲያው ገባኝ። እዚህ ፍርድ ቤት በየቀኑ የማየው ነው። አንዱ በኦሮምኛ ያመለክታል፣ ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው መሃል ይቆማል። አስተርጓሚው ካልዋሸ ሥራው ይሄዳል።

ከዚያ ደግሞ ደንቡን ነገርከኝ። «አንድ ማሽን ሊኑክስ ከሚያውቃቸው ማሽኖች ዝርዝር የሚወጣው የሚሞክረው ሰው ሲጠፋ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ የትም ይሁን፣ አለሁ ካለ አይወጣም። ስምዎን ምስክር አድርጌ ልጻፍ?» ጻፍ አልኩህ። ጻፍክ። የሱቃችንን ሥርዓት ስለምታውቅ አንብበህ አሰማኸኝ፦ «ሐምዱ፣ ሰበታ፣ ማሽኗን ይዞ የሚሞክር።» ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። በዚያ ሁሉ ፊደል አዋቂ መሃል ስሜ ገባ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አዲሱ ከመውጣቱ በፊት፣ መሞከሪያውን ላክህ፤ የሺወርቅ አተመች፤ እኔ ገጹን በጣቴ ፈተሽኩ፤ «ይሠራል» ብላ ላከችልህ። ሳንባዬን አሞኝ የተኛሁ ጊዜ እንኳ ወረቀቱን አልጋዬ ድረስ አምጥታልኛለች። አምና ግን መሞከሪያው አልመጣም። ረስቶት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ምስክሯ እያለ ማን አወጣት?

(ይህን የጻፍኩት እኔ የሺወርቅ ነኝ። ማዶ የሚሻገረውን ሰው ላለማየት ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋል። እሳቸው አይነግሩህም።)

አንብባልኝ ስለ ወንበሩ ያስገባችውን ሰማሁ። ይውጣ አላልኩም፤ እውነት ነው።


ኑርንበርግ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ። እንደምን ሰነበቱ? ያለሁበት ሥራ ፋታ አይሰጥም።

ፕሮግራሙ የኔ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሰዎች በነጻ የሚሠሩት ነው። ዝርዝሩ በጣም ስለረዘመ እንዲያጥር ተወስኗል። ለአሮጌ ማሽኖች ጊዜ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። ማንንም ለመጉዳት የተደረገ አይደለም።

ለጉልበትዎ መታከሚያ በጀዋሂር በኩል ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ደግሞ ጀዋሂር እንዳትደክም። ውሳኔው የተጻፈበትን ገጽ መፈለግ አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛውም ከባድ ነው፤ የባለሙያ ነገር ስለሆነ ብዙ አይገባችሁም።

ልጅዎ ሸምሰዲን


ሰበታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሺወርቅ ትጽፋለች። ቃሉ የሐምዱ ነው።

ለሸምሰዲን፤ አሰላሙ አለይኩም።

አትፈልጉ ባትለን ኖሮ አንፈልግም ነበር። «ተወስኗል» ብለህ ጻፍክ። እዚህ በር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጬ ያለ ወሳኝ የተወሰነ ነገር አላየሁም። ጀዋሂርን ከቡራዩ ጠራኋት። «እንግሊዝኛው ከባድ ነው አለ ወይ?» አለችና ሳቀች፤ ስልኳን አውጥታ ቁጭ አለች።

የናንተ ሥራ ሁሉ በግልጽ ነው የሚጻፈው፤ ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንዳወጣ፣ ከነስሙ ከነቀኑ። ይህን ራስህ ነህ በኩራት የነገርከኝ። አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አገኘችው። አነበበችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«አባ፣ ይቅርብህ።»

«አንብቢ።»

«ማሽኗን አውጥተዋታል፤ በቃ።»

«ጀዋሂር፣ እዚህ ሱቅ የተጻፈ ነገር ይነበባል።»

አነበበችልኝ። «ይህን ማሽን ይሞክሩ የነበሩት የሰበታው ሐምዱ አርፈዋል። ሌላ የሚሞክር ሰው የለም። ስለዚህ ከዝርዝሩ ይውጣ።» ከሥሩ ስም አለ፤ ሸምሰዲን። ቀኑ የአምና ኅዳር 3 ነው።

ሦስቴ አስነበብኳት። ስሙ የሌላ ሸምሰዲን እንዳይሆን የአባትህን ስም ፈለግኩ። አለ።

ከዚያ በታች ሦስት የማላውቃቸው ፈረንጆች ሐዘናቸውን ጽፈዋል። አንደኛው ምን አለ መሰለህ? «ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው የሰበታው ሙከራ ነበር። አንድም ዓመት አላጓደሉም። ነፍሳቸው ትረፍ።» አላውቀውም። እሱ አዝኗል፤ አንተ ነህ ያስለቀስከው።

ባጫ ወሬውን ሰምቶ ከሱሉልታ ሦስት ታክሲ ቀይሮ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ኦቦ ሐምዱ፣ ለቅሶ ልደርስ ነበር፤ ድንኳኑ የታል?» አለ። የሺወርቅ ሳቀች፣ ጀዋሂር ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ሬሳው?» እያለ ትከሻዬን ይደበድበኛል። ሲሄድ ግን እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። እኔም ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ኅዳር 3 መቼ እንደሆነ አስታወስኩ። በዚያው ሳምንት ደውለህ «አጎቴ፣ አዲስ ሥራ ልጀምር ነው፤ ዱዓ ያድርጉልኝ» አልከኝ። መስጊድ ሄጄ አደረግኩልህ። ዱዓ ያደረገልህ የሞተ ሰው ነው።

የሱቃችንን ሥርዓት ከልጅነትህ ጀምሬ ነግሬሃለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው ሲመጣ የሺወርቅ ትጽፋለች፣ ከላይ እስከ ታች ታነብለታለች፣ እሱ ልክ ነው ሲል ብቻ አሻራውን ያኖራል። ያልተነበበለት ሰው ጣቱን አይነክርም። አንድ ጊዜ አንድ ሀብታም «ባላገር ነው፣ ምን ይገባዋል፣ አስነኪውና ልሂድ» ቢላት ወረቀቱን ቀድዳ ሰጥታዋለች፤ አንተም ነበርክ። ሌባ የሚመጣው በሌለህበት ነው። አንተ ዓይኔ ሥር ጻፍክ፤ ዓይኔ እንደማያነብ አውቀህ።

የላክኸውን ጀዋሂር መልሳዋለች። ለሬሳ ጉልበት መድኃኒት አይገዛም።

አሁን አትዘግይ።


ኑርንበርግ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ዛሬ ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

አዲሱ ድርጅት የቀጠረኝ ለአዲሶቹ ማሽኖች እንድሠራ ነው። የአሮጊቷ አስተርጓሚ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር እንደገና መስተካከል አለበት። ስድስት ዓመት በእረፍት ቀኖቼ ሠራሁት። የሚያግዘኝ አልነበረም። ምስክሯ እስካለ ደንቡ ያቆያታል፤ ካቆያት ሥራው እኔ ላይ ነው። ደከመኝ ብዬ መጻፍ ከበደኝ፤ ለአዲሱ ሥራ ሰነፍ እንዳልመስል ፈራሁ። ሞተዋል ከተባለ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ያችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የፈጀብኝ ግማሽ ደቂቃ ነው። በማግስቱ ላጠፋት አስቤ ነበር፤ ግን ሰዎቹ ሐዘናቸውን ጽፈው አገኘሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ።

አንድ ነገር ልሥራልዎ። ለሦስቱ ማሽኖች ብቻ የሚሆን አስተርጓሚ አዘጋጅቼ ለብቻዎ እልካለሁ፤ ማንም ሳያውቅ። በየጊዜው አስተካክለዋለሁ። እባክዎ ብቻ እዚያ ገጽ ላይ እንዳይጻፍ። አለቆቼ ያነቡታል። የዋሸ ሰው ፕሮግራም ማንም አይቀበልም፤ ሥራዬን አጣለሁ።

አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሸምሰዲን


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው የሺወርቅ ናት። ቃሉ የሐምዱ ነው፤ በሕይወት ያለው።

ለሸምሰዲን። ሰላምታ ከሙስሊም አይከለከልም፤ አሰላሙ አለይኩም። ከዚያ በላይ የምጨምረው የለኝም።

በዚህ ጊዜ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። መዘግየት ምን እንደሚመስል እንድታየው ብዬ አይደለም፤ ሥራ ነበረኝ።

ደከመኝ ማለት ከበደኝ አልክ። እኔ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ሸክም ሲከብድ ትከሻ ምን እንደሚል ካንተ በፊት አውቃለሁ። «አጎቴ፣ ደከመኝ» ብትለኝ ራሴ «አውርደው» እልህ ነበር። ለባጫም ለጀዋሂርም ቃሌን የማጥፈው እኔ ነበርኩ፤ ሐፍረቱ የኔ ይሆን ነበር። ሐፍረት መሸከም እችላለሁ። አንተ ግን ሸክሙን ጥለህ መስሎህ እኔን ከሥሩ ቀበርከኝ።

በስውር የምትልከውን አልፈልግም። ለሞተ ሰው በጓሮ ስንቅ አይላክም። ደግሞም እንዲህ ያለች ማሽን በዓለም ላይ ሦስት ብቻ አይደለችም። ሌላ አገር፣ ሌላ ከተማ፣ እንደኔ ሆዷን ከፍቶ የሚያጸዳት ሽማግሌ ይኖራል። ኮምፒውተሩ አላውቃትም ሲለው ማሽኗ የሞተች መስሎት ይጥላታል። እሱን ማን ይነግረዋል?

ባጫ ያን ከኢንተርኔት ተደብቆ የኖረ ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ከሱሉልታ አመጣው። «ሌባ ነው ስላችሁ ስታፌዙብኝ ነበር» እያለ ሱቁን ዞረው። ጀዋሂር የድሮውን ከሱ ላይ ገልብጣ ለኔም ለራሷም ጫነች። አሮጊቷ ሦስት ጊዜ አሳለችና አወጣች። ወንበሬን ወደ በሩ መልሻለሁ። ግን ያረጀ ነገር ላይ ነው የቆምነው፤ ይህ ዲስክ የሞተ ቀን ምን እንደምናደርግ አናውቅም።

ስለዚህ ማመልከቻ አስጻፍኩ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ሰው በራችን ላይ ሲያስጽፍ አይቻለሁ፤ ለራሴ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ሐምዱ የሰበታ ነዋሪ ስሆን በሕይወት አለሁ። በዝርዝሩ ላይ የነበረችው ማሽንም አለች። ይህ ወረቀት ዛሬ ከሷ የወጣ ነው። እንደ ደንባችሁ የሚሞክራት ሰው አለና ወደ ቦታዋ ትመለስ። ለሐዘናችሁ አመሰግናለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ትደግሙታላችሁ።»

የሺወርቅ የመጨረሻዋን ትውጣ ብላኝ ነበር፤ ባጫ «ዱጋ ዳ፣ እውነት ነው፣ ትቆይ» አለ። ቆየች። እማኞቹ ባጫ፣ ጀዋሂርና የሺወርቅ ናቸው፤ ሦስቱም ፈርመዋል። ተነበበልኝ። ከዚያ አውራ ጣቴን ቶነሩ ዱቄት ውስጥ ነከርኩና አኖርኩ። የሞተ ሰው ጣት አያጠቁርም። ጀዋሂር ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ፣ አንተ የጻፍክበት ገጽ ላይ፣ ካንተ ጽሑፍ በታች ሰቀለችው።

ስምህን አላነሳሁም። ያዳንኩህ አይምሰልህ። ማመልከቻው ስለኔ ስለሆነ ነው። ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚያነብ ሁሉ ግን የማን እጅ እንደገደለኝ ያገኘዋል፤ እሱን እኔ አልጻፍኩትም።

በማግስቱ ያ «ከሁሉም ቀድሞ ይመጣ ነበር» ያለው ሰው መለሰ። አንድ ቀን ነው የፈጀበት። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሲል ጻፈ፤ ማን ዋሸ ብሎ አልጠየቀም። ማሽኗ ልትመለስ ትችላለች፤ ነገር ግን አስተርጓሚውን ከአሁኑ ጋር የሚያስማማና ከእንግዲህ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ማን ይሆናል? አለ። ጀዋሂር ዛሬ ጠዋትም አየችው። ከጥያቄው በታች ባዶ ነው።

አንተ ሙላው አልልህም። ጠይቄህ ብትሞላው ለአጎቴ ብዬ ነው ትላለህ፤ ለአጎትህ ብለህ የሠራኸውን መጨረሻ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ከሞላው እሞክርለታለሁ። አንተ ከሞላኸው አንተንም እሞክርልሃለሁ። ከሠራ ይሠራል እላለሁ፤ ካልሠራ አይሠራም እላለሁ። ቂም ይዤ የሠራውን አልሠራም አልልም፤ ምስክር ነኝ። ምስክርነቱ ይኼ ነው። አጎትነቱ ሌላ ነው፤ እሱን ገና አልወሰንኩም። ስወስን «ተወስኗል» ብዬ አልጽፍልህም፤ ወሰንኩ ብዬ ነው።

ጨርሻለሁ። በይ የሺወርቅ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የራስሽን ጣል አድርገሽበት ከሆነ እሱንም አትዝለዪ። «ቀበርከኝ» ያልኩት ጋ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ በሩ ላይ የቆመውም ሰው ይስማ። አውራ ጣቴን የማኖረው ከዚያ በኋላ ነው።